የባሕር ጭነት ገበያ ወዴት እያመራ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃ በባሕር የሚያስመጡ፣ የሚልኩ ወይም የመርከብ ዋጋ ለምን እንደሚዋዥቅ ማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የባሕር ጭነት ገበያ ሲባል አንድ ገበያ ነው?

አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛው የኮንቴይነር ገበያ ነው። ልብስ፣ ስልክ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የቤት ዕቃ የሚሄደው በዚህ ነው። ሁለተኛው የብትን ደረቅ ጭነት ነው። የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰል፣ ስንዴና ማዳበሪያ እንዳለ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገለበጣል። ሦስተኛው ፈሳሽ ጭነት ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ፣ የተጣራ ነዳጅና ጋዝ። መኪና ብቻ የሚጭኑ መርከቦችም አሉ፤ እነሱ የራሳቸው ዓለም አላቸው።

ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም ሦስቱ አብረው አይወጡም፣ አብረውም አይወርዱም። የኮንቴይነር ዋጋ አሽቆልቁሎ ሳለ የነዳጅ ጫኝ ባለቤቶች ጥሩ ሊያተርፉ ይችላሉ። የዓለም ንግድ በመጠን ሲለካ 80 በመቶ ገደማው የሚጓዘው በባሕር ነው፤ በ2023 ብቻ ከ12 ቢሊዮን ቶን በላይ ተጭኗል። ይህ ሁሉ ጭነት በአንድ ዋጋ አይመራም። ስለዚህ "የመርከብ ዋጋ ጨመረ" የሚል ዜና ሲሰሙ መጀመሪያ "የትኛው መርከብ?" ብለው ይጠይቁ።

ቲኢዩ ምንድን ነው?

የኮንቴይነር መቁጠሪያ ነው። ባለ 20 ጫማው አንድ ቲኢዩ፣ ባለ 40 ጫማው ሁለት ቲኢዩ ይባላል። የዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች 400 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ 24,000 ቲኢዩ ያህል ይሸከማሉ። በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን የላከው 58 ኮንቴይነር ብቻ ነበር።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ዋጋ የሚነገረው ለባለ 20 ጫማው ነው፣ አንዳንዱ ለባለ 40 ጫማው። ከሻንጋይ የሚነሱ ኮንቴይነሮችን የማጓጓዣ ዋጋ የሚለካው የሻንጋዩ ኢንዴክስ ራሱ ለአውሮፓ መስመር በ20 ጫማ፣ ለአሜሪካ መስመር በ40 ጫማ ያወጣል። ይህን ሳያዩ "አሜሪካ ከአውሮፓ በእጥፍ ይወደዳል" ብለው የሚደመድሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይዋዥቃል?

መርከብ በአንድ ሌሊት አይሠራም። ዛሬ የታዘዘ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ባሕር ላይ የሚወጣው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከወጣ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ይሠራል። ስለዚህ ፈላጊ በድንገት ሲበዛ የመርከቡ ቁጥር ያው ነው። ዝናብ ሲጥል ታክሲ እንደሚጠፋው ማለት ነው፤ ታክሲው አልቀነሰም፣ ሰልፉ ነው የረዘመው። በተቃራኒው ጭነት ሲጠፋ መርከቡን አጥፎ ማስቀመጥ አይቻልም። ቆሞም ይበላል፤ የባንክ ዕዳ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የመርከበኛ ደሞዝ አለ። ባለቤቱ ባዶ ከሚሄድ በርካሽ መጫን ይመርጣል።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ድሩሪ የተባለው የባሕር ንግድ ጥናት ድርጅት የሚያወጣው የዓለም ኮንቴይነር ኢንዴክስ በ2019 በአማካይ ለባለ 40 ጫማ 1,420 ዶላር አካባቢ ነበር። በመስከረም 2021 ከ10,000 ዶላር አለፈ። በ2023 መጨረሻ ገደማ ተመልሶ 1,400 አካባቢ ወረደ። በብትን ጭነት ደግሞ ይብሳል። የባልቲክ ደረቅ ጭነት ኢንዴክስ በግንቦት 2008 እስከ 11,793 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 663 ላይ ተገኘ። በመካከሉ ያለው ሰባት ወር ነው። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ መርከብ በውድ የገዛ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም።

ዋጋው ወዴት እየሄደ እንደሆነ የት ላይ ልይ?

ለኮንቴይነር ሁለት ኢንዴክሶች ይበቃሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣው የድሩሪ እና ዓርብ ዓርብ የሚወጣው የሻንጋይ። ለብትን ጭነት የለንደኑ ባልቲክ ኤክስቼንጅ በየሥራ ቀኑ ያወጣል። ብዙ ሰው የባልቲክን ቁጥር አይቶ ስለ ኮንቴይነር ይናገራል፤ አይገናኙም። ባልቲክ የሚለካው ማዕድንና እህል የሚጭኑትን ነው።

ሌላው መታወስ ያለበት እነዚህ የዕለት ገበያ ዋጋዎች መሆናቸው ነው። ዓመታዊ ውል ያለው ትልቅ ነጋዴ የሚከፍለው ሌላ ነው። ደግሞ የአንድ ሳምንት ጭማሪ ብዙም አይናገርም። የመርከብ ኩባንያዎች ወር በገባ ቁጥር የዋጋ ጭማሪ የማወጅ ልማድ አላቸው። ኢንዴክሱ አንድ ሳምንት ዘለል ይልና ጭማሪው ሳይጸና ሲቀር ተመልሶ ይወርዳል። እኔ አራት አምስት ሳምንት በተከታታይ በአንድ አቅጣጫ ካልሄደ አዝማሚያ አልለውም።

የዓለም ንግድ ካደገ የመርከብ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ስንት ቶን ተጫነ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ያ ቶን መርከብን ስንት ቀን ይዞ ያቆያል የሚለውም ነው። በሙያው ቋንቋ "ቶን ማይል" ይሉታል፤ የጭነቱ ክብደት በሄደበት ርቀት ሲባዛ።

የሩሲያን ድፍድፍ ነዳጅ እንውሰድ። ከ2022 በፊት አብዛኛው አጠገቡ ላለው ለአውሮፓ ይሸጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በባሕር የሚመጣውን ሲያግድ ነዳጁ ወደ ሕንድና ወደ ቻይና ዞረ። አውሮፓም የራሱን ከሩቅ ማምጣት ጀመረ። ዓለም የሚጠቀመው ነዳጅ ብዙም ሳይለወጥ የነዳጅ ጫኝ መርከቦች ሥራ በአንድ ጊዜ ጨመረ። የብረት ማዕድንም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። የጊኒው ሲማንዱ ማዕድን በ2025 መጨረሻ ወደ ገበያ ገብቷል። ከጊኒ ቻይና ያለው ርቀት ከምዕራብ አውስትራሊያ ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቻይና ከአውስትራሊያ የምትገዛውን አንድ ቶን ቀንሳ ከጊኒ ብትገዛ የገዛችው ያው አንድ ቶን ነው። መርከቡ ግን ሦስት እጥፍ ይታሰራል።

የቀይ ባሕር ነገር ገበያውን ምን ያህል ለወጠው?

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ገበያውን ይህን ያህል የለወጠው ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የየመን ሁቲዎች በኅዳር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ ይዘው ከወሰዱ በኋላ ጥቃቱ ተከታተለ። ትልልቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች አንድ በአንድ የስዊዝን መንገድ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር ዞሩ። ከዚያ በፊት ከዓለም የኮንቴይነር ጭነት 30 በመቶ ገደማው በስዊዝ ያልፍ ነበር። አዲሱ መንገድ ከእስያ ወደ ሰሜን አውሮፓ ለሚሄድ መርከብ 3,500 የባሕር ማይል ገደማና ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይጨምራል።

"አሥር ቀን ምን አላት?" ሊሉ ይችላሉ። ሒሳቡን እናድርግ። አንድ ኩባንያ ከሻንጋይ ወደ ሮተርዳም በየሳምንቱ አንድ መርከብ ያስነሳል እንበል። ደርሶ መልሱ 84 ቀን ከፈጀ 12 መርከብ ይበቃዋል። በመሄጃና በመመለሻ አሥር አሥር ቀን ሲጨመርበት ዙሩ 104 ቀን ይሆናል። አሁን ሳምንታዊ ጉዞውን ሳያቋርጥ ለመቀጠል 15 መርከብ ያስፈልገዋል። አንድም ተጨማሪ ኮንቴይነር ሳይጫን ሦስት ግዙፍ መርከቦች ተዋጡ። ይህን በአሥሮቹ መስመሮች ላይ ሲያበዙት ዋጋው በ2024 አጋማሽ ለምን እንደገና እንደተተኮሰ ይገባዎታል። በዚያ ላይ በቀይ ባሕር ለሚያልፉት የጦርነት ኢንሹራንሱ አለ። አስቀድሞ ከመርከቡ ዋጋ ከ0.1 በመቶ በታች የነበረው፣ በከፋው ጊዜ ለአንድ ጉዞ ወደ 1 በመቶ ተጠግቷል። የ100 ሚሊዮን ዶላር መርከብ ለአንድ ማለፊያ አንድ ሚሊዮን ሊከፍል ነው ማለት ነው።

መርከቦቹ በሙሉ ወደ ስዊዝ ሲመለሱ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል?

ወዲያው አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ ግርግር ይፈጠራል። ቀደም ብሎ ተነስቶ አፍሪካን የዞረው መርከብና ዘግይቶ ተነስቶ በአጭሩ መንገድ የመጣው በአንድ ሳምንት አውሮፓ ወደብ ላይ ይገናኛሉ። ወደቡ ሁለቱን በአንዴ ማስተናገድ ያቅተዋል። ሰልፍ ይሆናል፣ ኮንቴይነር ይቆለላል፣ ለጥቂት ሳምንታት ዋጋ ሊጨምርም ይችላል። ሰልፉ ሲፈታ ግን ከላይ ያየናቸው "የተዋጡ" መርከቦች ሁሉ ይለቀቃሉ። ገበያው የሚወድቀው ያኔ ነው።

መመለሱ ራሱ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ኩባንያው የጉዞ ፕሮግራሙን ሲለውጥ በወራት አስቦ ነው። ሄዶ ተመልሶ እንደገና መዞር ከመጀመሪያው መዞር የባሰ ያከስራል። መርከበኞቹም አሉ፤ ነፍሱን ለኮንቴይነር የሚሰጥ ማንም የለም። ስለዚህ "ተኩስ ቆመ" የሚል ዜና በሰሙ ማግስት ትዕዛዝዎን ዋጋ እስኪወርድ ብለው አያዘግዩ።

ባለፉት ዓመታት ብዙ አዲስ የኮንቴይነር መርከብ ለምን ታዘዘ?

ገንዘቡ ስለነበረ ነው። በ2021 እና በ2022 የኮንቴይነር ኩባንያዎች አይተውት የማያውቁት ትርፍ አገኙ። የዴንማርኩ መርስክ ብቻ በ2022 ከወለድና ከግብር በፊት ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። ያ ገንዘብ የት ይሂድ? ከፊሉ ለባለአክሲዮን፣ ከፊሉ ለመጋዘንና ለአውሮፕላን፣ ብዙ ገንዘብም ወደ መርከብ ሠሪዎች ሄደ። የቀይ ባሕሩ ቀውስ በ2024 ሁለተኛ ዙር ትርፍ ሲያመጣ ሁለተኛ ዙር ትዕዛዝ ተከተለ። አሁን ታዝዞ ገና ያልተረከበው የኮንቴይነር መርከብ አቅም ባሕር ላይ ካለው ከሩብ ይበልጣል። ከዓለም መርከብ ከ90 በመቶ በላዩን የሚሠሩት ቻይና፣ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ናቸው፤ ቻይና ብቻዋን ግማሹን ይዛለች።

አሮጌው ቢወገድ ኖሮ ነገሩ በተመጣጠነ። ግን ዋጋው ደህና እስከሆነ ድረስ የ25 ዓመት መርከብ እንኳ ይሠራል። የሕንዱ አላንግና የባንግላዴሹ ቻቶግራም የመርከብ ማፍረሻ ዳርቻዎች ለዓመታት የኮንቴይነር መርከብ ናፍቀው ኖረዋል። የማፍረሻ ዜና መብዛት ሲጀምር ባለመርከቦቹ ራሳቸው ተስፋ መቁረጣቸውን ይወቁ። እኔ ከየትኛውም የባለሙያ ትንበያ ይልቅ ይህን ምልክት አምናለሁ።

ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው የያዙት፤ ዋጋ ተስማምተው አይደለም የሚጨምሩት?

ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ትልቁ ኤምኤስሲ ብቻውን ከዓለም የኮንቴይነር መርከብ አቅም አንድ አምስተኛውን ይዟል። በጥምረትም ይሠራሉ። መርስክና ሃፓግ ሎይድ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ጀሚኒ የሚባለውን ጥምረት መሥርተዋል። ሲኤምኤ ሲጂኤም፣ ኮስኮና ኤቨርግሪን በኦሽን አሊያንስ አብረው ናቸው። ኤምኤስሲ ከመርስክ ጋር የነበረውን ጥምረት አፍርሶ በአብዛኛው በራሱ ይሠራል። ጥምረቱ የሚፈቅደው የመርከብ ቦታ መጋራትን ነው፤ ዋጋ መስማማትን አይደለም።

ዋጋ ለመደገፍ የግድ ቁጭ ብሎ መስማማት አያስፈልግም። ጭነት ሲቀንስ እያንዳንዱ የተወሰኑ ጉዞዎችን ይሰርዛል። መርከቡ በፕሮግራሙ አለ፣ ቀኑ ሲደርስ ግን አይነሳም። ከቻይና አዲስ ዓመት በኋላና በጥቅምት መጀመሪያ ባለው የቻይና በዓል ሰሞን ይህ የተለመደ ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያደርገው ዋጋው ይቆማል። ግን እስከ መጨረሻው አይሠራም። የአዲስ መርከብ ብዛት ከስረዛው ሲበልጥ አንዱ ይሰለችና ዋጋ ይሰብራል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ። በ2016 የደቡብ ኮሪያው የመርከብ ኩባንያ ሃንጂን የወደቀው እንዲህ ባለ የዋጋ ፉክክር ነው። መርከቦቹ ዕቃ እንደጫኑ ወደብ የሚያስገባቸው አጥተው ባሕር ላይ ቆሙ።

ታሪፍ የባሕር ጭነትን ይቀንሳል አይደል?

በረጅም ጊዜ አዎ፤ በአጭር ጊዜ ግን አንዳንዴ ጭራሽ ያበዛዋል። በሚያዝያ 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ተጨማሪ ታሪፍ 145 በመቶ ሲደርስ ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚያዝ ቦታ በአንዴ ወረደ። ግንቦት ላይ ለ90 ቀን ወደ 30 በመቶ ዝቅ እንዲል ሲስማሙ፣ ሁሉም "በዘጠና ቀኑ ውስጥ ልጨርስ" ብሎ ተሯሯጠ። ከሻንጋይ ሎስ አንጀለስ ያለው የዕለት ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሩጫው ሲያበቃ ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ቀድሞ የመጣው ዕቃ መጋዘን ሞልቷል፤ በሚቀጥሉት ወራት የሚመጣ አልቀረም።

ታሪፍ ንግድን ከማጥፋት ይልቅ መንገዱን ያስለውጠዋል። ከቻይና ይመጣ የነበረው ከቬትናም ይመጣል፤ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ከቻይና ወደ ቬትናም ይሄዳል። አንድ ጉዞ የነበረው ሁለት ይሆናል። ለዚህ ነው የታሪፍ ዜና ሲሰማ "መርከብ ሥራ ይፈታል" ብሎ መደምደም የሚያሳስተው።

ብትን ጭነት በቻይና ላይ ተንጠልጥሏል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። በባሕር ከሚሄደው የብረት ማዕድን ከሦስት ሁለቱን በላይ የምትገዛው ቻይና ናት። እዚያ የቤት ግንባታ ሲቀዘቅዝ የትልልቆቹ ብትን ጫኞች ዋጋ ይቀዘቅዛል። እህልና ማዳበሪያ የሚጭኑት አነስ ያሉት መርከቦች ግን ከብዙ አገር ይሠራሉና እንዲህ አይንገዳገዱም። ለዚህ ገበያ አንድ ደህና ዜና አለ፤ የታዘዘው አዲስ መርከብ እንደ ኮንቴይነሩ የተጋነነ አይደለም።

የአካባቢ ጥበቃ ሕጉ ዋጋ ይጨምርብኛል?

ቀስ እያለ፣ አዎ። መርከቦች ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት 3 በመቶ ገደማ ያወጣሉ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2023 ባወጣው ዕቅድ በ2050 ወይም በዚያ አካባቢ ልቀቱ ተጣርቶ ዜሮ እንዲሆን አስቀምጧል። ማስፈጸሚያው ሕግ ግን በጥቅምት 2025 ሊጸድቅ ሲል ለአንድ ዓመት ተላለፈ። አውሮፓ አልጠበቀችም። ከ2024 ጀምሮ ወደቧን የሚረግጥ መርከብ ለልቀቱ ይከፍላል። ለመጀመሪያው ዓመት ልቀት 40 በመቶውን፣ ለ2025 70 በመቶውን፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን። ኩባንያዎቹ ይህን ከኪሳቸው አይከፍሉም። ሂሳብዎ ላይ አንድ አዲስ መስመር ሆኖ ይመጣል።

ሌላም መዘዝ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቀላሉ ዘዴ ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ትንሽ ዝግ ሲሉ የነዳጁ ፍጆታ በብዙ ይወርዳል። ዝግ ያለ መርከብ ግን ብዙ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሕጉ ሲጠብቅ ከትርፉ መርከብ ከፊሉን ይበላዋል።

የመርከብ ዋጋ ሲጨምር በሱቅ ዋጋ ላይ ምን ያህል ይታያል?

እንደ ዕቃው ነው። አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 5,000 ጥንድ ጫማ ጭኗል እንበል። ማጓጓዣው 2,000 ዶላር ሲሆን ለአንድ ጥንድ 40 ሳንቲም ይደርሳል። 10,000 ዶላር ሲሆን 2 ዶላር። ለ80 ዶላር ጫማ ምንም አይደለም፤ ለ8 ዶላር ጫማ ትርፉ ገደል ገባ። እንደ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ፍራሽ ያለ ቦታ ወይም ክብደት የሚበላ ርካሽ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

በአገር ደረጃ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በ2022 ያወጣው ጥናት አለ። የማጓጓዣ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር የዋጋ ንረት በ0.7 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል ይላል። ጫፉ ላይ የሚደርሰውም ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሲወርድ ግን ሱቁ አይቸኩልም፤ ያንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የተነገረኝ ዋጋ 1,800 ዶላር ነበር፤ ሂሳቡ ሲመጣ ለምን ሌላ ሆነ?

የተነገረዎት የባሕሩ ጉዞ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሂሳቡን ዘርግተው ያንብቡት። ከባሕር ማጓጓዣው ሥር የነዳጅ ማስተካከያ አለ፣ የመነሻና የመድረሻ ተርሚናል ክፍያ አለ፣ የሰነድ ክፍያ አለ። ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከሆነ የከፍተኛ ወቅት ጭማሪ ሊኖር ይችላል። በጦርነት ቀጠና የሚያልፍ ከሆነ የጦርነት ሥጋት ጭማሪ፣ አውሮፓ ከሆነ የልቀት ክፍያ ይከተላል። ዋጋ ሲጠይቁ "ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው? እስከ መቼስ ይጸናል?" ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ዲመሬጅና ዲቴንሽን ነው። ኮንቴይነሩ ከነፃ ቀኖቹ በላይ ወደብ ውስጥ ከቆየ ዲመሬጅ ይቆጥራል። አውጥተው ባዶውን በጊዜ ካልመለሱ ዲቴንሽን ይቆጥራል። ቀን በጨመረ ቁጥር ተመኑ ይወጣል። ገበያው ሲወርድ የመርከብ ኩባንያዎች በእነዚህ ላይ ይበረታሉ። ስለዚህ ዋጋ በሚከራከሩበት ጊዜ 50 ዶላር ከማስቀነስ ሰባት ነፃ ቀን ማስጨመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ዕቃዬ ምንም ሳይሆን መርከቡ አደጋ ስለደረሰበት ክፈል ተባልኩ፤ ይህ ሕጋዊ ነው?

ሕጋዊ ነው፤ ጄኔራል አቨሬጅ ይባላል። መርከቡንና ጭነቱን ለማዳን የወጣ ወጪ ወይም ሆን ተብሎ የተሠዋ ዕቃ ካለ ባለመርከቡም ባለጭነቱም እንደየድርሻቸው ይከፍላሉ። አሠራሩ ዮርክ አንትወርፕ በሚባሉ ዓለም አቀፍ ደንቦች ይመራል። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ዘግታ ከተነሳች በኋላ ባለቤቱ ይህንኑ አወጀ። መርከቧ በካሳ ክርክር እስከ ሐምሌ ድረስ ግብፅ ውስጥ ታስራ ቆየች። ላይዋ ላይ ደህና የነበረ ዕቃ የነበራቸው ሰዎች ያለ ዋስትና ዕቃቸውን መውሰድ አልቻሉም።

የጭነት ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኢንሹራንሱ ይሰጥለታል። የሌለው በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። ኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ብቻ ኃላፊ በሚሆንበት ውል) የሚገዙ ከሆነ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ ጀምሮ አደጋው የእርስዎ ነው፤ ኢንሹራንሱንም ራስዎ ይግቡ። በሲአይኤፍ (ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ በዋጋው ውስጥ በሚካተትበት ውል) ሻጩ ይገባልዎታል፣ ግን የመጨረሻ አነስተኛውን ሽፋን ብቻ እንዲገባ ነው ደንቡ የሚያስገድደው።

አሁን ዓመታዊ ውል ልግባ ወይስ በዕለት ገበያ ልቀጥል?

ትርፍ መርከብ በሚበዛበት ገበያ የዕለት ዋጋ ከውል ዋጋ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሙሉ ጭነትዎን ለዓመት መቆለፍ አያዋጣም። በ2022 መጀመሪያ ከፍ ባለ ዋጋ ውል የገቡ አስመጪዎች ዓመቱ ሳያልቅ ጎረቤታቸው በግማሽ ሲያስመጣ አይተዋል። ግን ሁሉንም ለዕለት ገበያ መተውም ቁማር ነው። መርከብ ሲጠፋ ቅድሚያ የሚሰጠው ውል ላለው ነው። ያለ ውል የመጣው ሰው ኮንቴይነር ወደቡ ላይ ተትቶ ይቀራል።

እንደ እኔ ከሆነ፣ ቢዘገይ ደንበኛ የሚያሳጣውን ዕቃ በውል፣ ሌላውን በዕለት ገበያ ይያዙ። ከተቻለ ውሉን ከኢንዴክስ ጋር ያያይዙት፤ ገበያው ሲወርድ ዋጋዎም አብሮ ይወርዳል።

በአንድ ቃል፦ በመጪዎቹ ዓመታት ይወርዳል ወይስ ይጨምራል?

ለኮንቴይነር መነሻው ወደ ታች ነው። የሚመጣው መርከብ ከሚጨምረው ጭነት ይበልጣል። ቀይ ባሕር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ ተጨማሪ አቅም ይለቀቃል። ለነዳጅ ጫኝና ለብትን ጭነት ግን ይህን ያህል በድፍረት አልናገርም። የነዳጁ ከማዕቀብና ከጦርነት ጋር፣ የብትኑ ከቻይና ጋር የተሳሰረ ነው።

ወደ ታች ማለት ቀጥ ያለ ቁልቁለት ማለት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ያየነው ረጅም ርካሽ ጊዜና በመሐል በመሐል ድንገተኛ ዝላይ ነው። በጀት ሲሠሩ በርካሹ ዋጋ አስበው በጀቱ ላይ ለአንድ ዝላይ የሚሆን መጠባበቂያ ይተዉ።

ይህን ግምት ምን ሊያፈርሰው ይችላል?

መርከብን ባሕር ላይ ረዘም አድርጎ የሚይዝ ማንኛውም ነገር። የወደብ ሠራተኞች አድማ አንዱ ነው። በጥር 2022 በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ደጃፍ ከ100 በላይ መርከቦች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ያኔ ምክንያቱ አድማ ሳይሆን ወደቡ ጭነቱን አለመቻሉ ነው፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። በኢራንና በኦማን መካከል ያለው የሆርሙዝ ወሽመጥ ሌላው ነው። ዓለም ከሚጠቀመው ነዳጅ አንድ አምስተኛው ገደማ በዚያ ያልፋል። እንደ ስዊዝ ዞሮ የሚኬድበት የባሕር መንገድም የለውም።

ሦስተኛው ድርቅ ነው። የፓናማ ቦይ መርከብን የሚያነሳውና የሚያወርደው በጋቱን ሐይቅ ንጹህ ውኃ ነው። አንድ መርከብ ሲያልፍ 200 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወደ ባሕር ይፈስሳል። በ2023 ዝናቡ ሲጠፋ በቀን 36 ገደማ መርከብ ያሳልፍ የነበረው ቦይ በ2024 መጀመሪያ 24 ያህል ብቻ ያሳልፍ ነበር። አንዳንዱ ተራ ለመግዛት በጨረታ ሚሊዮኖች ከፈለ፣ ሌላው ዞረ። የቦዩ አስተዳደር የሐይቁን ከፍታ በየቀኑ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ በፓናማ በኩል ዕቃ የሚያመላልሱ ከሆነ ከዋጋ ኢንዴክሱ ጎን እሱንም መክፈት ይልመዱ።